የአሮጌ ጭነት መኪና ካምቢዮ የሚፈልገው ዘይት የትኛው ነው?

ስለ ሞተር ዘይት የማይናገር ሹፌር የለም። በስንት ኪሎ ሜትር እንደሚቀየር፣ መቼ እንደሚጎድል፣ ሲጠቁር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ወደ ካምቢዮ ዘይት ሲመጣ ግን ሐሳቡ ይለያያል። በእስራኤል ውስጥ በቂርያት መላኺ፣ በገዴራ ወይም በያቭኔ ሃያ ዓመት ያለፈው አይሱዙ፣ መርሴዲስ ወይም ቮልቮ የያዘ ሰው "ካምቢዮው ውስጥ ምን ላስገባ?" ብሎ አምስት ሰው ቢጠይቅ አምስት መልስ ያገኛል። አንዱ "90 ቁጥር" ይለዋል። ሌላው "ጂኤል-5 ከሁሉም ይበልጣል" ይላል። ሦስተኛው የሞተር ዘይት፣ አራተኛው ለአውቶማቲክ የሚገባውን ቀዩን ዘይት፣ አምስተኛው ደግሞ ውዱን ሲንቴቲክ ይመክረዋል። እያንዳንዱ መልስ ለአንድ ዓይነት ካምቢዮ ትክክል ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ለአንዱ ካምቢዮ የሚሆነው መልስ ለሁሉም ሲታደል ነው።

ጉዳዩ በጊዜ እያነሰ የሚሄድ ይመስላል፤ አዳዲሶቹ የጭነት መኪናዎች ማርሻቸውን በኮምፒውተር ስለሚቀይሩ ፍሪሲዮን የሚረገጥበት መኪና እየቀነሰ ነው። ለባለ አሮጌ መኪና ግን ችግሩ የሚብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። በእጅ የሚቀየረውን ካምቢዮ ጠንቅቆ የሚያውቀው መካኒክ ጡረታ ይወጣል፣ የመኪናው ማኑዋል ይጠፋል፣ መለዋወጫው ይወደዳል። መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ለሆነበት ሰው ደግሞ ካምቢዮ ፈርሶ ጋራዥ የሚቀመጥባቸው ሳምንታት ከዘይቱ ዋጋ ጋር የሚወዳደሩ አይደሉም። ስለዚህ በየጋራዡ የሚሰሙትን ሐሳቦች አንድ በአንድ ማየትና የትኛው ለየትኛው ካምቢዮ እንደሚሠራ መለየት ተገቢ ነው።

ዘይቱ በካምቢዮው ውስጥ ሦስት ሥራ አለበት

የመጀመሪያው ሥራ ግልጽ ነው፤ ጥርስ በጥርስ ላይ ሲጫን ብረት ብረትን እንዳይነካ በመካከላቸው መቆም። ሁለተኛው ሙቀትን ከጥርሶቹና ከኩሽኔቶቹ ተሸክሞ ወደ ካምቢዮው የውጭ አካል ማድረስ ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ሲንክሮናይዘሩ ሥራውን እንዲሠራ መፍቀድ።

ሲንክሮናይዘር ሾጣጣ ቀለበት ነው። በቆዩ ካምቢዮዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከናስ ወይም ከነሐስ ነው። ሹፌሩ ማርሽ ሲያስገባ ቀለበቱ ከማርሹ የብረት ሾጣጣ ጋር ይፋተግና የሁለቱን ፍጥነት እኩል ያደርጋል፤ ማርሹም ያለ ጩኸት ይገባል። ይህ እንዲሆን ቀለበቱ በመካከል ያለውን ዘይት ጠርጎ ሾጣጣውን መያዝ አለበት። እንግዲህ ከአንድ ዘይት ሁለት ተቃራኒ ነገር ይጠበቃል፤ ጥርሶቹ እንዲንሸራተቱ፣ ቀለበቱ ደግሞ እንዲይዝ። የካምቢዮ ዘይት ምርጫ አስቸጋሪ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ክርክሮች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ።

የውፍረት ቁጥር

ጀሪካኑ ላይ በጉልህ የሚታየው 80ደብሊው-90 ወይም 75ደብሊው-90 የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ውፍረት ብቻ ነው። ዘይቱ ምን ዓይነት ኬሚካል እንደያዘ አይነግረንም። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ያሳያል፤ 75ደብሊው የሚባለው እስከ 40፣ 80ደብሊው እስከ 26፣ 85ደብሊው እስከ 12 ዲግሪ ከዜሮ በታች ድረስ ከተወሰነው መጠን በላይ እንዳይወፍር የተለካ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው 90 ወይም 140 ደግሞ ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሙቀት ያለውን ውፍረት ይገልጻል።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ስህተት መታረም አለበት። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ከ40 ቁጥር የሞተር ዘይት ከእጥፍ በላይ የሚወፍር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። የሁለቱ የመለኪያ ሰንጠረዥ ግን የተለያየ ነው። 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት በ100 ዲግሪ ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክስ ይለካል። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ቁጥሩ ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። ስለዚህ 90 ቁጥሩ በውፍረት ከ40 እና ከ50 የሞተር ዘይት ጋር የተቀራረበ ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ካምቢዮ ውስጥ የሞተር ዘይት እንዲገባ ሲያዝዙ ቀጭን ዘይት ያዘዙ ለሚመስለው ሰው መልሱ ይኸው ነው።

ጂኤል-4 እና ጂኤል-5

ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ነው። ጂኤል የሚለው መለያ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ያወጣው ሲሆን የሚመለከተው ዘይቱ ውስጥ የተጨመረውን ኬሚካል ነው። ጂኤል-1 ምንም ዓይነት የጫና ኬሚካል የሌለው ነው። ጂኤል-4 መጠነኛ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም አለው። ጂኤል-5 የዚህን እጥፍ ያህል ይይዛል። የተሠራውም ሃይፖይድ ለሚባለው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው፤ በዚያ ጥርስ ላይ ጫናው እጅግ ከባድ፣ መፋተጉም ብርቱ ስለሆነ።

ብዙ ሰው 5 ከ4 ስለሚበልጥ ጂኤል-5 የተሻሻለው ዘይት፣ ጂኤል-4 ደግሞ ያረጀው ይመስለዋል። በሞተር ዘይት ላይ ይህ አስተሳሰብ በአመዛኙ ይሠራል፤ አዲሱ ደረጃ አሮጌውን ይተካልና። በጂኤል ላይ ግን ቁጥሮቹ የሚያመለክቱት የሥራ ቦታን ነው። ጂኤል-4 የካምቢዮ፣ ጂኤል-5 የዲፈረንሻል ብሎ መያዝ ለአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ጂኤል-5 ሲንክሮናይዘር ያለው አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ቢገባ ሁለት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። አንደኛ፣ በጣም ስለሚያንሸራትት ቀለበቱ ሾጣጣውን መያዝ ያቅተዋል። በተለይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሲወረድ ማርሹ ይጮኻል፣ ይንገጫገጫል። ሁለተኛ፣ ድኙ ሲሞቅ ናስና ነሐስን ሊበላ ይችላል። ይህ በአንድ ቀን አይታይም፤ ቀለበቶቹ ቀስ እያሉ ያልቁና ሹፌሩ ጥፋቱን በመኪናው እርጅና ያሳብባል።

በሌላ ወገን ያለውም ሐሳብ መደመጥ አለበት። ዛሬ ከሚሸጡት ጂኤል-5 ዘይቶች ብዙዎቹ የድኙን ኃይል የሚያበርድ ቅመም ስላላቸው የመብላቱ ስጋት እንደ ጥንቱ አይደለም የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው። ቶዮታም በብዙ አሮጌ ሃይሉክሶቹ ማኑዋል ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ብሎ ሁለቱንም ፈቅዷል። ነገር ግን መብላቱ ቢቀንስም የማንሸራተቱ ነገር ይቀራል። ጂኤል-4/ጂኤል-5 ተብሎ በአንድ ጀሪካን ላይ ሁለቱ ሲጻፉም ጽሑፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ዋስትናው የካምቢዮው ፋብሪካ የፈቀደበት ቁጥር እዚያው ጀሪካን ላይ መኖሩ ነው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ባለመኪናው ለዲፈረንሻሉ ብሎ ሃያ ሊትር ጂኤል-5 ይገዛል። ዲፈረንሻሉ ይሞላና ጀሪካኑ ውስጥ ዘይት ይተርፋል። ካምቢዮውም ሊቀየርለት ነበርና የተረፈው ወደዚያ ይገባል። በእስራኤል ጋራዦች ደግሞ የማርሽ ዘይት በጥቅሉ ቫልቮሊና ስለሚባል፣ "90 ቫልቮሊና ስጠኝ" ብሎ ብቻ የጠየቀ ሰው ሻጩ እጁ የደረሰበትን ይሰጠዋል። ጂኤል-4 ነው የምፈልገው ብሎ መናገር፣ ከመክፈል በፊትም ጀሪካኑን አዙሮ ማየት ያስፈልጋል። ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም ለማያነብ ሰው ቢሆን ሦስት ነገር መለየት ይበቃዋል፤ የውፍረቱ ቁጥር፣ ከጂኤል ቀጥሎ ያለው አኃዝ፣ የፋብሪካው የፈቃድ ቁጥር።

የሞተር ዘይት የሚፈልጉ ካምቢዮዎች

"ካምቢዮ ውስጥ የሞተር ዘይት" ሲባል የሚሳለቅ መካኒክ አለ። ይሁን እንጂ ትእዛዙ የፋብሪካ ነው። በእስራኤል ሱሞ ተብሎ የሚታወቀው፣ በኢትዮጵያም በኤንፒአርነቱና በላዩ በሚሠራው ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚታወቀው አይሱዙ፣ ለብዙ በእጅ የሚቀየሩ ካምቢዮዎቹ የሞተር ዘይት ያዝዛል። የሚታዘዘው ውፍረት እንደ ዓመቱና እንደ ካምቢዮው ዓይነት ይለያያል። እንዲህ ያለውን ካምቢዮ በ90 ጂኤል-5 የሞላ ሰው ውድ ዘይት ገዝቶም ፋብሪካው ያላዘዘውን አስገብቷል ማለት ነው።

የትላልቆቹ የአሜሪካ መኪናዎች ኢተን ፉለር ካምቢዮም ከዚሁ ወገን ነው። አብዛኞቹ ሞዴሎች ሲንክሮናይዘር የላቸውም። ፋብሪካው ለቆዩት የሚፈቅደው ለከባድ ሥራ የተሠራ የሞተር ዘይት ወይም የጫና ኬሚካል የሌለው ማዕድናዊ 90 ሲሆን፣ በኋላ 50 ቁጥር ሲንቴቲክ ተጨምሯል። የዘይት ዓይነቶችን አትቀላቅሉ፣ ካምቢዮውም ዘወትር ከ120 ዲግሪ በላይ እየሞቀ አይሥራ የሚል ማስጠንቀቂያም አለው። ሲንክሮናይዘር ለሌላቸው ከባድ ካምቢዮዎች የወጣው ኤምቲ-1 የተባለ መለያም ዋና ዓላማው ዘይቱ በሙቀት እንዳይበላሽ ነው።

የጀርመንና የስዊድን መኪናዎች የየራሳቸው የቁጥር ሥርዓት አላቸው። መርሴዲስ ለቆዩ ካምቢዮዎቹ 235.1፣ ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል 235.0 የሚል ወረቀት አለው። ማን ለካምቢዮ 341፣ ለዲፈረንሻል 342 ይላል። ቮልቮ ለካምቢዮ 97305 የሚል ቁጥር ሰጥቷል። በብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ውስጥ የሚገኘው የዜድኤፍ ካምቢዮ ደግሞ ቲኢ-ኤምኤል 02 በሚባል ዝርዝር ይመራል። ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ልብ ይሏል፤ በአንድ አኃዝ ስህተት የዲፈረንሻሉ ዘይት ካምቢዮ ውስጥ ይገባል።

ቀዩ ዘይትና ሲንቴቲኩ

ለአውቶማቲክ የሚገባው ቀዩ ዘይት በእጅ በሚቀየር ካምቢዮ ውስጥ ተገቢ ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው። ፎርድ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፒክአፖቹ ላይ ለገጠማቸው ኤምፋይቭኦዲ እና ዜድኤፍ ኤስ5-42 ካምቢዮዎች መርኮን የተባለውን ቀይ ዘይት አዝዟል። በእነዚህ ካምቢዮዎች ውስጥ ወፍራም ዘይት ቢገባ ማርሹ ይከብዳል። ለወፍራም ዘይት በተሠራ ካምቢዮ ውስጥ ቀዩን ማስገባት ደግሞ ጥርሱንና ኩሽኔቱን ያለ በቂ መከላከያ መተው ነው። "ማርሹ ቀለለ" ብሎ የተደሰተ ሰው ዋጋውን ቆይቶ ይከፍላል።

ሲንቴቲክ 75ደብሊው-90 በሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ በብርድም አይወፍርም፣ ረዘም ላለ ጊዜም ያገለግላል። አንዳንድ ፋብሪካ ግዴታ ያደርገዋል። ዶጅ በ1990ዎቹ በራም መኪናዎቹ ላይ ለገጠመው ኤንቪ4500 ካምቢዮ ልዩ ሲንቴቲክ ጂኤል-4 ዘይት መድቦ ነበር። ግዴታ ባልሆነበት አሮጌ መኪና ላይ ግን ሲንቴቲክ ምርጫ ነው፤ አቅም ካለ መልካም፣ ከሌለም ትክክለኛው ማዕድናዊ ዘይት በጊዜው ከተቀየረ ይበቃል። ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት ማኅተም ጎማዎች የደረቁበት መኪና ላይ ሲንቴቲክ ሲገባ ቀድሞ ያልታየ ማንጠብጠብ ሊታይ ይችላል። ያኔ መቀየር ያለበት ማኅተም ጎማው ነው።

"ይወፍር እንጂ!"

በኢትዮጵያ መንገድ ላይ ያደገ ሹፌር ለወፍራም ዘይት ያለው እምነት እንዲያው ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። ኤንትሬ የሚባለውን ፊያት እና መሰሎቹን የነዱ ሰዎች ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጡ ማርሽ ማስገባትን የተማሩ ናቸው። ሲንክሮናይዘር የሌለው ካምቢዮ ስለሚያንሸራትት ዘይት አይጨነቅም፤ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው የሹፌሩ እግርና ጆሮ ነው። ከዚያም ከደጀን ወርዶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት አለ። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለትና ከሺህ ሜትር በላይ ዳገት በአነስተኛ ማርሽ ሲሄዱት ዘይቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይቀጥናል። ስለዚህ ወፍራም ዘይት መፈለጉ ለዚያ መኪናና ለዚያ መንገድ ምክንያት ነበረው።

ሲንክሮናይዘር ያለው ካምቢዮ ላይ ያንኑ ልማድ ማምጣት ግን ጉዳት አለው። 140 ቁጥር ዘይት ጠዋት ጠዋት ማርሹን ያከብደዋል፣ ወደ ጠባቦቹ የኩሽኔት መተላለፊያዎች ቶሎ አይደርስም፣ ሲናጥም ራሱ ሙቀት ይፈጥራል። ያረጀ ኩሽኔት ሲጮህ 140 ቢያስገቡበት ጩኸቱ ይቀንሳል፤ ኩሽኔቱ ግን ማለቁን አያቆምም። የጩኸቱ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይጠፋል። መኪናውን ሊሸጥ ያሰበ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ገዢውን ይበድላል፤ ሊሠራበት ያሰበም ራሱን ይጎዳል።

የአካባቢው አየርና መንገድ

ቂርያት መላኺ፣ ገዴራና ያቭኔ ያሉት በባሕር ዳርቻው ሜዳ ላይ ነው። ክረምቱ ለስላሳ ስለሆነ የዜሮ ዲግሪ ብርድ ብርቅ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር 75 ይሁን 80 በብርድ ረገድ እዚህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። የሚያሳስበው በጋው ነው። ከቂርያት መላኺ በ3 ቁጥር መንገድ ወደ ላትሩን ወጥቶ በ1 ቁጥር መንገድ ጭነት ይዞ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ፣ ወይም ከገዴራ በ40 ቁጥር መንገድ ወደ ቤርሳቤህና ወደ ነጌቭ የሚወርድ መኪና ዘይቱን ያሞቀዋል። እንዲህ ላለው መኪና ፋብሪካው ከፈቀዳቸው ውፍረቶች ውስጥ ለሙቀት የሚሆነውን መምረጥና ቶሎ ቶሎ መቀየር ይሻላል። በያቭኔና በአሽዶድ መካከል ብቻ የሚመላለስ መኪና ደግሞ ዳገት ባይኖርበትም በየመብራቱ ማርሽ ስለሚቀያይር ሲንክሮናይዘሩ ይለፋል፤ ለእርሱ ዋናው ነገር የኬሚካሉ ዓይነት ነው።

የባሕሩ እርጥበትም አይረሳ። ካምቢዮው አናት ላይ ያለው የአየር መተንፈሻ በጭቃ ከተደፈነ ውስጡ የሚፈጠረው ግፊት ዘይቱን በማኅተም ጎማዎቹ በኩል ይገፋዋል። ካፑ ከጠፋ ደግሞ እርጥበትና አቧራ ይገባል። ዘይት በተቀየረ ቁጥር መተንፈሻውን ማጽዳት ምንም ወጪ የለውም።

የወጣው ዘይት ምን ይናገራል?

መኪናው ከሥራ ሲመለስ፣ ዘይቱ ገና ሞቅ እንዳለ፣ ሜዳ ላይ ያቁሙት። ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ቡሎን ይፈታ፤ መሙያው ዝጎ አልፈታም ቢል ካምቢዮው ባዶ ሆኖ መቅረት የለበትም። ከዚያ ማፍሰሻው ሲወጣ ጫፉ ላይ ያለው ማግኔት በደንብ ይታይ። እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ዝቃጭ የተለመደ የሥራ ድካም ነው። በጣት መካከል ሲታሽ የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ከተገኘ ጥርስ ወይም ኩሽኔት ተጎድቷል። ናስን ማግኔት ስለማይስበው የሲንክሮናይዘር ብናኝ የሚታየው ዘይቱ ውስጥ ነው፤ በፀሐይ ሲያዩት ወርቃማ ብልጭታ ይኖረዋል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከተለመደው ዝቃጭ በቀር ከእነዚህ አንዱ የታየበት ካምቢዮ ችግሩ በአዲስ ዘይት ብቻ አይፈታም።

ሲሞላም ዘይቱ እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ከንፈር መድረስ አለበት። ጣት አስገብቶ "ነካኝ" ማለት አይበቃም። በትልቅ የፉለር ካምቢዮ ውስጥ የሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል መጉደል ወደ አራት ሊትር የሚጠጋ ዘይት መጉደል ነው። ጥሩ ዘይት መርጦ አጉድሎ የሞላ ሰው ምርጫውን ከንቱ ያደርገዋል።

የወጣው ዘይት ተሰብስቦ ለጋራዥ ወይም ለተፈቀደለት ሰብሳቢ ይሰጥ። በዚህ ሜዳ አሸዋ ሥር የባሕር ዳርቻው የከርሰ ምድር ውሃ አለ። መሬት ላይ የተደፋ ዘይት ወደዚያ ይሰርጋል፤ ውሃውንም የምንጠጣው እኛው ነን።

ማኑዋሉ ከጠፋ

መነሻው ካምቢዮው ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ነው። የመኪናው ስም አሳሳች ሊሆን ይችላል፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ካምቢዮው ከሌላ መኪና ተነቅሎ የገባ ሊሆን ይችላልና። ሰሌዳውን በብሩሽ አጽድቶ፣ በስልክ ፎቶ አንሥቶ፣ የካምቢዮውን ሞዴል ለአስመጪው የመለዋወጫ ክፍል ወይም ለዘይት ኩባንያው ባለሙያ ማሳየት ትክክለኛውን መልስ ያስገኛል። ፎቶው ዕብራይስጥ ለማይችሉ አባቶችም ይጠቅማል፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይዞት ሄዶ ሊጠይቅ ይችላል።

ሰሌዳውም ከጠፋ፣ በመጀመሪያ የሞተር ዘይት ወይም ቀይ ዘይት ከሚያዝዙት ካምቢዮዎች አንዱ አለመሆኑ በሚያውቅ ሰው ይረጋገጥ። ካልሆነ፣ ሲንክሮናይዘር ላለው የቆየ ካምቢዮ ጂኤል-4 80ደብሊው-90 ከሌሎቹ ያነሰ አደጋ ያለው ምርጫ ነው። ትክክለኛው መረጃ እስኪገኝ ድረስ መኪናውን ያሠራል፤ ናሱን አይበላም፣ ሲንክሮናይዘሩንም አያንሸራትትም። ያለ ማስረጃ ጂኤል-5 ወይም 140 ማስገባት ግን አይመከርም።

ሐሳቦቹን ሁሉ ስናመዛዝን፣ ውዱ ዘይት፣ ወፍራሙ ዘይት ወይም ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ዘይት በራሱ የተሻለ አይደለም። የተሻለው ያን ካምቢዮ የሠራው ፋብሪካ ያዘዘው ነው። መካኒኮችም ከመሙላታቸው በፊት "የካምቢዮው ሞዴል ምንድን ነው?" ብለው መጠየቅን ልማድ ያድርጉት። ባለመኪናውም መልሱን አንዴ ካገኘ የዘይቱን ዓይነት፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ከመሙያው ቡሎን አጠገብ በማይለቅ ቀለም ይጻፈው፤ በሚቀጥለው ጊዜ መኪናውን የሚሠራው ማንም ይሁን ማን በግምት እንዳይሞላው።